የመታጠፊያ መሥመር ያለው መስቀለኛ መንገድ ንድፍ

ኦቶዴስክ የተባለው ኩባንያ ባወጣው ሲቪል ስሪ ዲ በተሰኘው የኮምፒውተር መርሐ ግብር መስቀለኛ መንገድ ሲነደፍ፣ መሐንዲሱ አስቀድሞ የሁለቱን ጎዳናዎች የመካከል መሥመርና ከፍታ ይወስናል፤ አብዛኛውን ጊዜም የዐቢዩ ጎዳና ቅርጽ ሳይናወጥ ይጸና ዘንድ የንኡሱ መንገድ ከፍታ በመገናኛው ላይ ለዐቢዩ ይገዛል። የመታጠፊያው መሥመር ጎዳናው ቀስ በቀስ የሚሰፋበት፣ ተሽከርካሪው ፍጥነቱን የሚቀንስበትና ተራውን የሚጠብቅበት ክፍሎች አሉት፤ ይህ የመጨረሻው ክፍል ለተሰላፊው ብዛት የማይበቃ ሆኖ ከተገኘ፣ ሰልፉ ወደ ቀጥተኛው መሥመር ተርፎ መታጠፊያው የተሠራበትን ምክንያት ከንቱ ያደርገዋል። መርሐ ግብሩ የጠርዙን ቅስትና የመንገዱን ገጽ በቅጽበት ያወጣል፤ ዳሩ ግን በዚህ ፍጥነት መታለል አይገባም፤ ረጅም ተሳቢ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው ወደ ውስጥ ይቆርጣልና ቅስቱ እንዲበቃው፣ የዝናብም ውኃ በመገናኛው እንዳይጠራቀም፣ መሐንዲሱ ራሱ መመርመር አለበት።