የንግድ ማስመሰያ ውድድር፦ ከመማሪያ ክፍል እስከ ቡና ማጠቢያ

የንግድ ማስመሰያ ውድድር፣ በተለምዶ የቢዝነስ ሲሙሌሽን ውድድር የሚባለው፣ ተማሪዎች በቡድን ተከፍለው አንድን ምናባዊ ድርጅት የሚመሩበት የማስተማሪያ ዘዴ ነው። ስለ ዋጋ፣ ስለ ጥሬ ዕቃ፣ ስለ ብድርና ስለ ሠራተኛ በየዙሩ ይወስናሉ፤ መጨረሻ ላይ ሒሳባቸው ከሌሎቹ ቡድኖች ሒሳብ ጋር ይነጻጸራል። ገንዘቡም ኪሳራውም የወረቀት ነው። የአካባቢው ቀጣሪ ድርጅት ኃላፊ በአማካሪነት ወይም በዳኝነት ሲገባበት ውድድሩ ትምህርት ቤቱንና የሥራውን ዓለም ያገናኛል። ሐሳቡ ለኢትዮጵያዊ ልጅ እንግዳ አይደለም፤ ቅጠልን ብር አድርጎ ዕቃ ዕቃ የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል። ልዩነቱ በዕቃ ዕቃ ማንም አለመክሰሩ ነው።

የዘዴው ታሪክ ብዙዎች ከሚያስቡት ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ1932 ማሪያ ቢርሽታይን የተባሉ የሌኒንግራድ ባለሙያ ለአንድ የጽሕፈት መኪና ፋብሪካ ኃላፊዎች ሥራውን በጨዋታ መልክ የሚያስተምር ልምምድ አዘጋጁ። በአሜሪካ ደግሞ የአገሪቱ የማኔጅመንት ማኅበር በ1956 ለሥራ አስኪያጆች በኮምፒዩተር የሚሠራ ጨዋታ አወጣ፤ በዓመቱ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ማስመሰያን ወደ መማሪያ ክፍል አስገባ። ውድድሩን አገር አቀፍ ካደረጉት ቀዳሚዎች አንዱ በ1980 በፖርቱጋል የተጀመረው ግሎባል ማኔጅመንት ቻሌንጅ ሲሆን ኋላ ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። ትምህርት ቤትን ከቀጣሪ ጋር የማገናኘቱ ሐሳብ የመጣው ግን በሌላ መንገድ ነው። በ1919 በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ የተመሠረተው ጁኒየር አቺቭመንት ወጣቶች በነጋዴዎች አማካሪነት ትንንሽ ድርጅት አቋቁመው፣ አክሲዮን ሸጠው፣ ዕቃ አምርተው እንዲነግዱ ያደርግ ነበር። ዛሬ የሚታዩት የትምህርት ቤት ውድድሮች የእነዚህ የሁለቱ ድቃይ ናቸው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አራት ወይም አምስት ልጆች አንድ ቡድን ይሆናሉ፤ አንዱ ሥራ አስኪያጅ፣ አንዷ የሒሳብ ኃላፊ፣ ሌሎቹ የግዥና የሽያጭ ይሆናሉ። እያንዳንዱ ዙር አንድ ሩብ ዓመት ወይም አንድ የምርት ወቅት ነው ይባላል። ቡድኑ የውሳኔ ቅጹን ሞልቶ ያስረክባል፤ አስተባባሪው ወይም ኮምፒዩተሩ የሁሉንም ውሳኔ ደምሮ ገበያው እንዴት እንደዋለ ይነግራቸዋል። ዋጋውን ያወረደ ብዙ ሸጦ ሊከስር ይችላል፤ ብዙ ያመረተ መጋዘን ሞልቶበት የወለድ ቀን ሊደርስበት ይችላል። ኮምፒዩተር የግድ አይደለም። በዓለም የሥራ ድርጅት የንግድ ሥልጠና ውስጥ ያለው የንግድ ጨዋታ በወረቀት፣ በሰሌዳና በጨዋታ ገንዘብ የሚካሄድ ነው፤ መብራት በጠፋበት ቀንም አይስተጓጎልም። ለአገራችን ትምህርት ቤቶች የሚበጀው የወረቀቱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዝነኛ ከሆኑት ማስመሰያዎች አንዱ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የቢራ ጨዋታ ነው። ቸርቻሪ፣ ጅምላ ሻጭ፣ አከፋፋይና ፋብሪካ በሰልፍ ይቀመጣሉ፤ እርስ በርስ መነጋገር ክልክል ነው፤ የሚተላለፈው የትዕዛዝ ወረቀት ብቻ ነው። ቸርቻሪው ዘንድ ትንሽ የነበረች የፍላጎት ለውጥ ፋብሪካው ዘንድ ስትደርስ ጎርፍ ትሆናለች። ከሰብሳቢ ወደ አቅራቢ፣ ከአቅራቢ ወደ ላኪ የሚሄደውን የቡና ንግድ የሚያውቅ ሰው ይህን ጨዋታ ሲያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

በኢትዮጵያ የዚህ ዘዴ የቅርብ ዘመዶች በተለያየ ስም ይሠራሉ። ዋነኛው በቴክኒክና ሙያ ተቋማት ያለው የትብብር ሥልጠና ነው። ሠልጣኙ የጊዜውን ትልቁን ድርሻ በተግባር እንዲያሳልፍ ታስቦ፣ ንድፈ ሐሳቡን በኮሌጅ፣ ተግባሩን በድርጅት ውስጥ ይማራል፤ አዋጅ ቁጥር 954/2008 ለቴክኒክና ሙያ ሥርዓቱ የሕግ መሠረት ሆኗል፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ዘርፉን የሚመራው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። ሐሳቡ ከጀርመን የሁለትዮሽ ሥልጠና ጋር ይዛመዳል፤ የጀርመን ቀጣሪ ግን ሠልጣኙን የነገ ሠራተኛው አድርጎ ሲቀበል የእኛው ብዙ ጊዜ ማሽኔን ያበላሽብኛል ብሎ ይፈራል። ሁለተኛው ዘመድ እ.ኤ.አ. በ2013 በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ የተቋቋመውና ኋላ ኢንስቲትዩት የሆነው የኢንተርፕሩነርሺፕ ልማት ማዕከል ነው። ሥልጠናው ኤምፕሬቴክ በተባለው ዓለም አቀፍ ዘዴ የሚሰጥ የስድስት ቀን ወርክሾፕ ነው። ብሩህ የተባለው የሥራ ፈጠራ ውድድርና የቴክኒክና ሙያ የክህሎት ውድድሮችም አሉ። እነዚህ ግን ማስመሰያ አይደሉም፤ በብሩህ የሚዳኘው ሐሳብ ነው፣ በክህሎት ውድድር የሚዳኘው የእጅ ሥራ ነው። በማስመሰያ ውድድር የሚዳኘው ውሳኔ ነው፤ ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ውድድሩ በአንድ አካባቢ ምን ሊመስል እንደሚችል ለማየት ዲላን እንውሰድ። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች፤ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ናት። ዞኑ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አካል ነው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ 847,434 ነዋሪዎች ነበሩት፤ በ1,210 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ መሬት ላይ በመሆኑ በእያንዳንዱ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ያህል ሰው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ጨምሯል እንጂ አልቀነሰም። ቡና፣ እንሰትና ትልልቅ ዛፎች ተደራርበው የሚበቅሉበት የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ያም ሆኖ የአባት ማሳ ለልጆች ሁሉ አይዳረስም። የጌዴኦ ወጣት ከእርሻ ውጭ ያለውን የሥራ ዓለም ማወቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ቀጣሪው ማን ነው ቢባል፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ከዲላ ዩኒቨርሲቲና ከሆስፒታሉ፣ ከባንኮችና ከሆቴሎች ቀጥሎ መልሱ በአመዛኙ ቡና ነው። በይርጋጨፌ፣ በወናጎ፣ በኮቸሬና በገደብ የተሰራጩት የማጠቢያ ጣቢያዎች፣ በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን፣ በዲላ ያለው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቅርንጫፍ፣ አቅራቢዎችና የጭነት መኪና ባለቤቶች ሁሉ በአንድ ሰንሰለት የታሰሩ ናቸው። ለአካባቢው የሚስማማ ማስመሰያ ቢዘጋጅ መነሻው ሌላ ቦታ የተጻፈ የመኪና ፋብሪካ ታሪክ ሳይሆን ማጠቢያ ጣቢያው ሊሆን ይገባል፤ ለልጁ ፋብሪካው ተረት ነው፣ የማድረቂያው አልጋ ግን ከቤቱ ጀርባ ያለ ነገር ነው።

የጣቢያው ሒሳብ ለጨዋታ የተፈጠረ ይመስላል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ያስፈልጋል። ለምሳሌ ያህል ቡድኑ 3,000,000 ብር ተበደረ፣ እሸቱም በኪሎ 50 ብር ነው እንበል። ብድሩን ሁሉ በእሸት ላይ ቢያውለው 60,000 ኪሎ ገዝቶ 10,000 ኪሎ ንጹሕ ቡና ያወጣል፤ በአንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ላይ የእሸቱ ወጪ ብቻ 300 ብር ሆነ ማለት ነው። ጎረቤት ጣቢያ ዋጋውን 55 ብር ሲያደርገው ቡድኑ ምን ያደርጋል? አምስት ብር መጨመር ትንሽ ይመስላል፤ በንጹሑ ቡና ላይ ግን 30 ብር ነው፣ በዚያው ብድርም የሚገኘው ቡና ወደ 9,090 ኪሎ ይወርዳል። ካልጨመረ ገበሬው እሸቱን ይዞ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። በዚህ ላይ ብድሩን በእሸት የጨረሰ ቡድን አልጋው ላይ ቡና ለሚለቅሙት ሴቶች የሚከፍለው ደመወዝ የለውም። ልጆቹ ይህን ስህተት አንዴ በወረቀት ቢሠሩት ይሻላል።

አስተባባሪው በየዙሩ ያልታሰበ ነገር የተጻፈበት ካርድ ይመዝዛል፦ መፈልፈያ ማሽኑ ተበላሸ፤ ሳይታሰብ ዘነበ፤ የውጭ ገበያ ዋጋ ወረደ፤ ናሙናው በቅምሻ ከተጠበቀው ዝቅ ያለ ደረጃ አገኘ። የተለቀመ እሸት በዕለቱ ካልተፈለፈለ ጥራቱ ስለሚወድቅ ማሽኑ የተበላሸበት ቡድን መጠበቅ አይችልም። መጨረሻ ላይ የሽያጭ መንገዱን ይመርጣል፤ በምርት ገበያው፣ በዩኒየኑ በኩል፣ ወይም በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና አዋጅ በፈቀደው ቀጥተኛ ትስስር ከላኪ ጋር።

ቀጣሪው የሚያስፈልገው ካርዱን ለመጻፍ ነው። መምህሩ የሒሳብ አያያዙን ያስተምራል፤ በታኅሣሥ ዝናብ ሲመጣ ስንት ሰው ሸራ ይዞ ወደ አልጋው እንደሚሮጥ የሚያውቀው ግን የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ነው። ሽልማት ሊሰጥ በመጨረሻው ቀን ብቻ የሚመጣ ቀጣሪ ለፎቶ ይጠቅማል እንጂ ለትምህርቱ አይጠቅምም። የተሻለው በሁለተኛው ዙር ላይ ተገኝቶ፣ የከሰረውን ቡድን ውሳኔ ልጆቹ ፊት እየቆጠረ፣ እሱ ቢሆን ምን ያደርግ እንደነበር መናገሩ ነው። ለእሱም ትርፍ አለው፤ ሒሳብ የሚገባትን ልጅ ከማስረጃዋ ሳይሆን ከሥራዋ ያውቃታል፤ ኮሌጅ ገብታ ለትብብር ሥልጠና ስትላክ እንግዳ አትሆንበትም።

ጊዜው መታሰብ አለበት። የቡና ለቀማው በአመዛኙ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለሚዘልቅ ከመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ትምህርት ጋር ይጋጫል፤ በዚያ ወቅት ሥራ አስኪያጁ ሌሊትም አይተኛም፣ ተማሪውም ለቤተሰቡ እየለቀመ ነው። ከየካቲት በኋላ አልጋዎቹ ባዶ ይሆናሉ፣ መፈልፈያውም ይቆማል፤ ሥራ አስኪያጁ የዓመቱን ደብተር ይዞ ለግማሽ ቀን ወደ ትምህርት ቤት ብቅ ሊል የሚችለው ያኔ ነው።