ዘማቹ፣ ገበሬ ማኅበሩና የቧንቧው ቁልፍ



ባለፈው ወር በብሎካችን ስብሰባ ነበር። ጉዳዩ የውሃ ነው። ጠዋት ቧንቧው የሚከፈትበት ሰዓት ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱበት ሰዓት ስለሆነ፣ ጀሪካን ይዘው የሚሰለፉት ልጃገረዶች የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጣቸዋል። ስብሰባውን የመራችው በቅርቡ የማኅበረሰብ ልማት ሠራተኞችን ስልጠና የጨረሰች ወጣት ናት። ጥሩ አድርጋ መራች። ሴቶቹ እንዲናገሩ ዕድል ሰጠች፣ ቃለ ጉባኤ ያዘች፣ እጅ አስወጥታ አስወሰነች። ቧንቧው ማለዳ 12 ሰዓት ይከፈት ተባለ። መጨረሻ ላይ አንድ አባት ተነሡና «ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ አሳምረሽ ጽፈሻል። ግን የቧንቧው ቁልፍ ማን እጅ ነው ያለው?» አሏት። ሁላችንም ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ቁልፉ እኛ ጋ አልነበረማ።

እኔ ታሪክ አስተማሪ ነኝ። የኚህ አባት ጥያቄ ከሃምሳ ዓመት በፊት በአገራችን የሆነውን ነገር አስታወሰኝ። በየብሎኩ ብዙ ወጣቶች እየሠለጠኑ ስለሆነ ታሪኩን ማወቁ ይጠቅማቸዋል ብዬ አሰብኩ። (ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ በይፋ ተጀመረ። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ገና ሦስት ወሩ ነበር። ዩኒቨርሲቲውና የሁለተኛ ደረጃ ከፍተኛ ክፍሎች ተዘግተው ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። ዓላማው መሠረተ ትምህርት ማስተማር፣ ስለ ጤና ማስረዳት፣ ጉድጓድ መቆፈር፣ ገበሬውን ማደራጀት ነበር። ማንበቢያው በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛና በሶማልኛም መዘጋጀቱ ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነው። ዘማቾቹ ግን አብዛኞቹ የከተማ ልጆች ነበሩ። ረዥም ስልጠና አላገኙም። ብዙዎቹ የተመደቡበትን አገር ቋንቋ አያውቁም፤ ከገበሬ ጋር ቁጭ ብሎ መወያየትንም ገና እዚያው ነው የለመዱት።

ሁለት ወር ከግማሽ እንደሆናቸው ሥራቸው ድንገት ተለወጠ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ታወጀ። «መሬት ለአራሹ» እያሉ በ1957 ዓ.ም. ሰልፍ የወጡት ተማሪዎች ነበሩ፤ አሁን አዋጁን ለአራሹ አንብቦ ማስረዳት የታናናሾቻቸው ዕጣ ሆነ። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይይዝ ተወሰነ፤ ጢሰኛው ለባለመሬት የሚከፍለው ነገር ቀረ። ቢያንስ 800 ሄክታር ወይም 20 ጋሻ በሚሆን ቦታ የሚኖሩ ገበሬዎች ማኅበር እንዲመሠርቱ ታዘዘ። ማኅበሩ መሬት ያከፋፍላል፣ የመሬት ክርክር የሚዳኝ ፍርድ ሸንጎ ያቋቁማል፣ ከመንግሥት ጋር እየተባበረ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ይሠራል። ትልልቆቹ ባለመሬቶች ክፍፍሉ እስኪያልቅ አባል እንዳይሆኑ ተደረገ። በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ከ15 ሺህ በላይ ማኅበራት ተቋቋሙ።

አባቴ በደቡብ ጢሰኛ ነበሩ። ስለዚያ ጊዜ ሲያጫውቱን ፊታቸው ይፈካ ነበር። ዘማቹ ልጅ ዛፍ ሥር ቆሞ አዋጁን ሲያነብ፣ አንድ የሰፈር ሰው እየተረጎመ፣ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የጠየቁት «ባለመሬቱ ይህን ሰምቷል ወይ?» ብለው ነው አሉ። ከዚያ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መረጡ። ወረዳ ድረስ በእግር ተሄዶ፣ ለጸሐፊ ተከፍሎ፣ ዓመታት ይፈጅ የነበረ የድንበር ክርክር በሰፈር ሸንጎ በአንድ ቀን ያልቅ ጀመር። ዳኛው የጎረቤት ልጅ ነው፤ አድልቶ ቢፈርድ ማታ እንዴት ብሎ ከሰው ጋር ቡና ይጠጣል?

በሁሉም ቦታ እንዲህ ነበር ማለቴ አይደለም። የርስት ሥርዓት በነበረበት በሰሜን ብዙው ገበሬ ከአያት የወረሰው መሬት ስለነበረው አዋጁን በጥርጣሬ ነው ያየው። በጅማ አካባቢ ደግሞ ዘማቾችና ፖሊስ ተጋጭተው ሰው ሞቷል። ከዘማቾቹ ብዙዎቹ ሥልጣን በእውነት ለተመረጠው ሕዝብ እንዲሰጥ ይፈልጉ ነበር፤ ደርግ የሚፈልገው ደግሞ ትእዛዙን የሚያደርስለት ሰው ነው። ስለዚህ አልተስማሙም። ከፊሉ ጣቢያውን ጥሎ ሄደ፣ ከፊሉ ታሠረ። ዘመቻው በ1968 ዓ.ም. አበቃ።

ዘማቹ ሄደ፤ ማኅበሩ ቀረ። እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በታኅሣሥ 1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 71 ማኅበራቱ ሕጋዊ ሰውነት አገኙ፤ የመከላከያ ጓድና የሴቶች ማኅበርም ተጨመረ። ወረቀቱን ላነበበ ሰው ሥልጣናቸው የሰፋ ይመስላል። ነገር ግን ከዓመት ዓመት ሥራው ከታች የሚመጣ መሆኑ ቀርቶ ከላይ የሚወርድ ሆነ። መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እህል ማስገባት መጣ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ፤ የሚሄደውን ልጅ እንዲመርጥና እንዲያስረክብ የታዘዘው ማኅበሩ ነው። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ መንደር ምሥረታ ሲመጣም ገበሬውን ቤቱን አስፈርሶ ያዛወረው ያው ማኅበር ነበር።

አባቴ ስለ ሊቀመንበራቸው ሲናገሩ «ሰውዬው አልከፋም። ፊት እኛን ነበር የሚፈራ፤ በኋላ ግን የበላዮቹን መፍራት ጀመረ» ይሉ ነበር። ምርጫ አለ፣ ስብሰባ አለ፣ ማኅተም አለ። ማኅበሩ «ይህን አንቀበልም» ማለት ግን አይችልም። «አይሆንም» ማለት ካልቻለ ደግሞ «እሺ» ማለቱ ምን ዋጋ አለው? በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ፖሊሲውን ሲያላላ፣ በጋራ ያርሱ የነበሩት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። ገበሬው የሚያስበውን በእግሩ ተናገረ።

ይህ ችግር የኛ ብቻ አይደለም። ሕንድ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1952 ትልቅ የማኅበረሰብ ልማት ፕሮግራም ስትጀምር በየመንደሩ የሚሠሩ ሠራተኞችን አሠልጥና አሰማራች። ዘሩን፣ ማዳበሪያውን፣ ጽዳቱን ሁሉ የሚያስተምሩ ነበሩ። በ1957 ግን በባልዋንት ራይ ሜህታ የተመራ ኮሚቴ ሥራውን መርምሮ፣ ሕዝቡ ፕሮግራሙን የራሱ አላደረገውም፤ ስለዚህ ሥልጣንና ገንዘብ ያለው የተመረጠ ምክር ቤት ከታች ይቋቋም አለ። በ1959 ራጃስታን ጀመረች። ነገሩ በሕገ መንግሥት እስኪጸና ድረስ እስከ 1993 ወሰደ፤ ያኔ ከመቀመጫው አንድ ሦስተኛው ለሴቶች ተጠበቀ። በ1996 የኬረላ ክፍለ ግዛት ደግሞ አንድ እርምጃ ጨመረ። ለልማት ከመደበው ገንዘብ ከ35 እስከ 40 በመቶው በአካባቢ ምክር ቤቶች እጅ እንዲሆን ወሰነ፤ ከዚያም ከመቶ ሺህ በላይ ተመራጮችን፣ ሠራተኞችንና በጎ ፈቃደኞችን አሠለጠነ። ሰዉ ስብሰባ የመጣው የሚወስነው ነገር ስለነበረው ነው። ሥልጠናውም ያን ጊዜ ጠቀመ፤ በእጅህ ያለን ገንዘብ እንዴት ማቀድ እንደሚቻል መማር ሌላ ነገር ነውና።

በአገራችንም በ1990ዎቹ በየገጠር ቀበሌው ሦስት ሦስት የልማት ሠራተኞች እንዲመደቡ ታቅዶ ወደ 60 ሺህ ወጣቶች ሠለጠኑ። ቁጥሩ ከዘማቾቹ ጋር መቀራረቡ ይገርማል። እነዚህኞቹ ሙያ ተምረው ነው የሄዱት፤ በዚህ ይሻላሉ። ሆኖም ብዙዎቹ ከሙያቸው ጎን የማዳበሪያ ዕዳ አስመላሽና የመመሪያ አድራሽ እንዲሆኑ ተደርገዋል። ገበሬው ታዲያ ሠራተኛው ሲመጣ ምክር ይሁን ዕዳ ይዞ እንደመጣ በምን ይወቅ?

በየብሎኩ ለምትሠሩ ወጣቶች ከዚህ ታሪክ ሦስት ጥያቄ ልተውላችሁ። አንደኛ፣ የምታሰባስቡት ሕዝብ በእውነት የሚወስነው ነገር ምንድን ነው? ትንሽም ቢሆን ይኑር፤ የሌለውን ግን አለ ብላችሁ አትንገሩት። ሁለተኛ፣ ከላይ የመጣውን ነገር «አይሆንም» ቢል ምን ይደርስበታል? ሦስተኛ፣ እናንተ ነገ ብትሄዱ ቃለ ጉባኤውን የሚይዝ ሰው አለ? ስደተኛ ነን፤ ዛሬ ያለ ሰው ነገ የለም። እናንተ ብቻ የምታውቁት ሥራ ከእናንተ ጋር ይሄዳል።

የብሎካችን ልጅ ጥያቄውን ቤቷ ይዛ ሄዳ አልተወችውም። ቃለ ጉባኤውን በሁለት ቅጂ ጽፋ አንዱን ለውሃ ክፍሉ አደረሰች፤ ሁለተኛውን ብሎኩ እንዲያስቀምጥ ሰጠች። ቁልፉን የያዘው ሰው በሚቀጥለው ስብሰባ መጥቶ «ይቻላል» ወይም «አይቻልም፣ ምክንያቱም…» ብሎ በሰው ፊት እንዲመልስም ጠርታዋለች። ይምጣ አይምጣ እናያለን። እኛ ግን እንገኛለን፤ ጥያቄውን ያነሡት አባትም ከፊት ይቀመጣሉ።

ቸር ይግጠመን!