የድሬ ሙቀትና የኤሲ ሒሳብ

እ.ኤ.አ. በ1902 ሁለት ነገሮች ሆኑ። በሐምሌ ወር አሜሪካ ውስጥ ዊሊስ ካሪየር የሚባል ወጣት መሐንዲስ ብሩክሊን ላለ አንድ ማተሚያ ቤት የአየር ማቀዝቀዣ ንድፍ ሠራ። የማተሚያ ቤቱ ጭንቀት የሠራተኛው ላብ አልነበረም፤ ወረቀቱ እርጥበት እየጠጣ ቀለሙ ቦታውን መሳቱ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ ደረሰ። አንዱን ከሌላው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። እኔ ግን የድሬ ልጅ ነኝና ከተማዬና ኤሲ እኩያሞች ናቸው እያልኩ መጎረር ደስ ይለኛል። እኩያሞቹ እስኪተዋወቁ ብዙ ዘመን አለፈ እንጂ።

ሐዲዱ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር። ዳገቱ በረታና ባቡሩ ከተራራው ሥር፣ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው ሜዳ ቀረ። አፄ ምኒልክ ቦታውን አዲስ ሐረር ብለውት ነበር፤ ስሙ ግን አልያዘም። ባቡሩ ሐረር ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማታ ማታ ጋቢ እንደርብ ነበር፤ እኔም ስለ ኤሲ ባልጻፍኩ።

አባቴ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር። ያደግሁት ከዚራ በሚባለው ሰፈር ነው። እዚያ ያሉትን አሮጌ ቤቶች ልብ ብሎ ላየ ሰው፣ ማቀዝቀዣው ግድግዳው ውስጥ አብሮ ተገንብቷል። ግንቡ ወፍራም ድንጋይ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፤ መስኮቱ ደግሞ ጣውላዎቹ ዘንበል ዘንበል ብለው የተደረደሩበት፣ ብርሃኑን መልሶ ነፋሱን የሚያሳልፍ ነው። ዙሪያውን በረንዳ አለው። ያ በረንዳ ለሻይ መጠጫ ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሰው አለ፤ ዋና ሥራው ግን ፀሐይ ግድግዳውን እንዳትነካው ማድረግ ነበር። ከበረንዳው ወዲያ ደግሞ ዛፍ። የከዚራ መንገዶች ቀጥ ቀጥ ብለው ተቀይሰው ግራና ቀኛቸው ዛፍ የተተከለባቸው በፈረንጅ አምሮት ብቻ አይደለም፤ በጠራራ ፀሐይ ከቢሮ እስከ ቤት በእግር መሄድ ነበረና ነው።

ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው የመጋላ ሰፈር ደግሞ የራሱ ዘዴ ነበረው። ጠባብ መንገድ፣ አንዱ ግንብ ለሌላው የሚያጠላበት፤ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ግቢው የሚያይ ቤት። ከሰዓት በኋላ ግቢው ውኃ ይረጫል፤ ሲመሽ አልጋ ወደ ውጭ ይወጣል። በልጅነቴ ቤት ውስጥ የሚተኛ ሰው የታመመ ይመስለኝ ነበር።

ሰዓቱም ለሙቀቱ የተቆረጠ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሱቁ ይዘጋል፤ ከተማው ለምሳ፣ ለእንቅልፍና ለጫት በርጫ ይበተናል። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ድሬ እንደገና ትከፈታለች። የደጋ ሰው ይህንን ስንፍና ይለዋል። እኔ የማቀዝቀዣ ወጪ የሌለበት የማቀዝቀዣ ዘዴ እለዋለሁ።

ከዚያ ቬንቲሌተር መጣ፤ እሱን ተከትሎ ኤሲ። መጀመሪያ ያየሁት አንድ ባንክ መስኮት ላይ የተሰካ፣ እንደ ወፍጮ የሚጮህና ከታች የሚያልፈው ሰው ላይ የሚያንጠባጥብ ሣጥን ነበር። ልጆች ሆነን ጠብታው ሥር ለመቆም እንጋፋ ነበር። ዕቃው ይመጣ የነበረው ያው ሁሉም ነገር ይመጣ ከነበረበት ከጅቡቲ ነው፤ ግማሹ በቀረጥ፣ ግማሹ በባቡሩ በኮንትሮባንድ። አሸዋና ታይዋን የተባሉት ገበያዎቻችን የኖሩት በዚህ ዕቃ ነው። በኮንትሮባንድ የመጣ ኤሲ ዋስትና የለውም፤ መለዋወጫውን የሚያውቅ ወኪልም የለውም። ስለዚህ ጠጋኙ ከዚሁ መፈጠር ነበረበት።

የተፈጠረውም ወርክሾፑ አካባቢ ነው። እኔ የማውቀው፣ ዛሬም ለሰፈራችን የሚሠራው ባለሙያ፣ እጁን የፈታው ምድር ባቡር ውስጥ ነው፤ የመዳብ ቧንቧ ማጠፍና መበየድ የተማረው ፍሪጅ ከፍቶ ሳያይ በፊት ነው። ጡረታ በወጣ ዕድሜው ጣሪያ ላይ ይወጣል። የድሬ ሰው ስለሆነ ትንሽ ትልቁ «አንተ» ይለዋል፤ እሱም ከንቲባውን ቢያገኝ «አንተ» እንደሚለው አልጠራጠርም።

አንድ ቀን ሲሠራ ቆሜ አየሁት። የውጭው ማሽን ያጉረመርማል፣ አይነሣም። የቤቱ ባለቤት፣ ጎረቤቴ፣ «ጋዝ ሙላልኝ» አለው። ባለሙያው ጋዙን አልነካም። ክዳኑን ፈትቶ ጋዙን ከሚገፋው ኮምፕረሰር አጠገብ ያለችውን፣ እሱን የምታስነሣውን የቆርቆሮ ጣሳ የምትመስል ካፓሲተር አሳየን፤ አናቷ አብጧል። በሌላ ቀየራትና ማሽኑ ተነሣ። ቀጥሎ የሳሙና አረፋ በጣቱ እየቀባ የቧንቧውን መገጣጠሚያዎች አንድ በአንድ ተመለከተ። አንደኛው ላይ አረፋው ቀስ ብሎ ተነፋ።

«አቦ፣ ጋዝ እኮ አይበላም» አለው። «ከጎደለ ወጥቷል ማለት ነው። ሳልዘጋው ብሞላልህ በየዓመቱ ልትከፍለኝ ነው።»

በኤሲ ጥገና ውስጥ ትልቁ ብክነት ያለው እዚህ ላይ ነው። ጋዙ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ይዞራል እንጂ እንደ ቤንዚን አያልቅም። ቀዳዳውን ሳይፈልግ የሚሞላ ሠራተኛ ርካሽ ይመስላል፤ በሦስተኛው ዓመት ከማንም ይበልጥ ውድ ይሆናል።

ጋዙ ራሱ የራሱ ታሪክ አለው። የድሮዎቹ ማቀዝቀዣዎች አሞኒያና ሌሎች መርዛማ ጋዞች ነበሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1928 ቶማስ ሚጅሊ፣ ያው ቤንዚን ውስጥ እርሳስ የጨመረው ሰው፣ ፍሪዮን የተባለውን አመጣ፤ የማይመርዝ፣ የማይቀጣጠል። ቆይቶ የኦዞንን ሽፋን እንደሚበላ ታወቀና እ.ኤ.አ. በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። በኛ ጣሪያዎች ላይ ለረጅም ጊዜ የነገሠው አር-22 የተባለው ጋዝ የዚሁ ቤተሰብ ነው። በስምምነቱ መሠረት እንደኛ ያሉ አገሮች አር-22ን የመሳሰሉ ጋዞችን ፍጆታ እ.ኤ.አ. በ2020 ከመነሻው 35 በመቶ መቀነስ ነበረባቸው፤ በ2025 ደግሞ 67.5 በመቶ። ከ2030 በኋላ የሚቀረው ለነባር ማሽኖች ጥገና የሚሆን ጥቂት ብቻ ነው። አር-22 የሚጠቀም ኤሲ ያለው ሰው እየጠፋ የሚሄድ ዕቃ ገዢ ነው ማለት ነው። በቦታው የመጣው አር-410ኤ ግፊቱ ከፍ ያለ ስለሆነ በአሮጌው ማሽን ላይ አይሞላም። «ያው ነው» የሚል ሠራተኛ ካጋጠማችሁ ወጪውን ሳይሆን ሰውየውን መቀነስ ይሻላል።

ወጪው ላይ የድሬ የራሷ ጣጣ ይጨመራል። አንዱ አቧራ ነው፤ በበጋ የውጭው ማሽን ክንፎች ይደፈናሉ፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ኮምፕረሰሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል። ሌላው ውኃችን ነው፤ የሻይ ማንቆርቆሪያችንን ነጭ ድንጋይ የሚያለብሰው ውኃ፣ በእርጥብ ንጣፍ የሚያቀዘቅዙትን ርካሽ ማሽኖችም ንጣፋቸውን በአጭር ጊዜ ድንጋይ ያደርገዋል። የሁሉም አለቃ ግን መብራቱ ነው። ኃይሉ ሲወርድ ኮምፕረሰሩ ለመነሣት ሲታገል ይግላል፣ ጥቅሉ ይቃጠላል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለጅቡቲ የምንሸጠው ኃይል የሚሄደው ከድሬዳዋ በሚነሣ መስመር ነው፤ የጅቡቲ ኤሲዎች በእኛ መብራት ሲቀዘቅዙ እኛ ስታቢላይዘር እንገዛለን። ቅሬታ አይደለም፣ ትዝብት ነው።

ኮምፕረሰር ከተቃጠለ ሒሳቡ ሌላ ነው። ዕቃው፣ ጋዙ፣ ብየዳውና የቧንቧው ጽዳት ተደማምረው ብዙ ጊዜ የአዲስ ኤሲን ግማሽ ዋጋ ይጠጋሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ካፓሲተሯም ኮምፕረሰሩም የውጭ ዕቃዎች ናቸውና አብረው ወጡ። የባለሙያው የእጅ ዋጋ ግን የዚያን ያህል አልወጣም። ከጠቅላላው ሒሳብ ላይ ሰው ሁሉ የሚከራከረው ግን በእሱ ነው፤ ይህን ሳይ ያናድደኛል።

ዛሬ የምኖረው ሳቢያን ሰፈር ነው። ከጎኔ የሚሠሩትን ቤቶች አያለሁ፦ የብሎኬት ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ከነስስ ኮርኒሱ፣ ወደ ምዕራብ የዞረ ትልቅ መስታወት፣ በረንዳ የለም፣ ግቢው በሙሉ ሲሚንቶ። ከዚያ 12,000 ቢቲዩ ኤሲ ይገጠማል፤ አልችል ሲል 18,000። አባቶቻችን በድንጋይና በዛፍ አንዴ ከፍለው የጨረሱትን እኛ በየዓመቱ በጋዝና በካፓሲተር እንከፍላለን። የድሬ ሙቀት አልተለወጠም አልልም፤ ቤቱ ግን ከሙቀቱ በላይ ተለውጧል።

ስለዚህ ድሬ ላይ ቤት የምትሠሩ ሰዎች፣ ከኤሲው በፊት በምዕራብ በኩል በረንዳ አውጡ፤ ግቢው ውስጥ ያለውን ዛፍም ለመኪና ማቆሚያ ብላችሁ አትቁረጡ። ኤሲ ያላችሁ ደግሞ ማጣሪያውን ራሳችሁ እጠቡ፣ ስታቢላይዘሩን አትለፉት፣ ጋዝ ከመሙላታችሁ በፊት ቀዳዳው የት እንደሆነ ጠይቁ። አር-22 የሚሠራ ማሽን ኮምፕረሰሩ ከተቃጠለ ግን አታስጠግኑት።