የሙቀት ቆጣሪና የምርመራው ዘመን

ጤፍ የሸመተ ሰው የነጋዴውን ሚዛን ቢጠራጠር፣ እህሉን ተሸክሞ በሌላ ሚዛን ሊያስመዝን ይችላል። በቧንቧ መጥቶ ቤቱን ያሞቀ ሙቀት ግን አንድ ጊዜ ካለፈ በኋላ ዳግመኛ አይመዘንም፤ ከገዢው እጅ የሚቀረው ማስረጃ ቆጣሪው ያሳየው ቁጥር ብቻ ነው። የአገራችን የአየር ጠባይ ማሞቂያ ቧንቧን ስለማያስፈልገው ነገሩ ሩቅ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ሆኖም የውሃና የኤሌክትሪክ ቆጣሪን ለሚያውቅ ባልደረባ ጥያቄው እንግዳ አይደለም። ቆጣሪው በስንት ዓመት አንድ ጊዜ ይመርመር? ጊዜው ካለፈበትስ የሚያሳየው ቁጥር ምን ዋጋ አለው? በዚህ ረገድ የጀርመን ታሪክ ብዙ የሚያስተምር ስለሆነ በዚያው ላይ እናተኩራለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በድሬስደን ከተማ ከአንድ ጣቢያ ወጥቶ ለኦፔራ ቤቱና ለሌሎች ታላላቅ ሕንፃዎች ሙቀት ማከፋፈል የተጀመረው በ1900 ነበር። በመኖሪያ ሕንፃዎች ግን የማሞቂያው ሒሳብ ለብዙ ጊዜ በወለል ስፋት ይከፋፈል ስለነበር፣ መስኮቱን ከፍቶ የሚውለውና ቆጥቦ የሚያሞቀው ጎረቤቱ እኩል ይከፍሉ ነበር። ይህን ልማድ የሰበረው በ1973 የደረሰው የነዳጅ ዘይት ችግር ነው። በ1976 የኃይል ቁጠባ ሕግ ወጣ፤ በ1981 የታወጀው የማሞቂያ ወጪ ደንብ ደግሞ ከወጪው ቢያንስ 50 ቢበዛም 70 በመቶው በእያንዳንዱ ቤት ፍጆታ መጠን እንዲከፈል አዘዘ። በፍጆታው ልክ ሳይሆን የተጠየቀ ተከራይ ከድርሻው 15 በመቶ እንዲቀንስ መብት ተሰጠው። ከሁለቱ ጀርመኖች ውሕደት በኋላ ደንቡ ከ1991 ጀምሮ በምሥራቁም ክፍል ሲጸና፣ ቤቶቹን በመለኪያ ለማሟላት እስከ 1995 መጨረሻ ድረስ ጊዜ ተፈቀደ።

ገንዘብ በቆጣሪ ቃል የሚከፈል ከሆነ፣ የቆጣሪው ጠባይ መታወቅ አለበት። የሙቀት ቆጣሪ በእውነቱ ሦስት መሣሪያዎች ናቸው፤ አንዱ የሚያልፈውን ውሃ ይለካል፣ ሁለት የፕላቲነም ተርሞሜትሮች የገባውንና የወጣውን ውሃ ሙቀት ያነባሉ፣ ሦስተኛው ክፍል እነዚህን አባዝቶ ይደምራል። የሁሉም ድካም በልዩነቱ ላይ ያርፋል። ውሃው በ60 ዲግሪ ገብቶ በ40 ቢወጣ ልዩነቱ 20 ነው፤ ሁለቱ ተርሞሜትሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ግማሽ ግማሽ ዲግሪ ቢሳሳቱ ስሕተቱ 5 በመቶ ይሆናል። ልዩነቱ 5 ዲግሪ ብቻ በሆነበት የወለል ማሞቂያ ግን ያው ስሕተት 20 በመቶ ይደርሳል። በውሃው በኩል ደግሞ ከብረት ቧንቧ የሚላቀቀው ጥቁር ዝገት ከማግኔት ጋር የመጣበቅ ባሕርይ ስላለው ተሽከርካሪውን ያከብደዋል፤ ያረጀ ቆጣሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳንሰው ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ ምርመራ ተከራዩን ብቻ የሚጠብቅ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። የአንዱ ቆጣሪ ሲያሳንስ ጎደሎው በሌሎቹ ጎረቤቶች ሒሳብ ላይ ይወድቃል።

ሕጉ ለቀዝቃዛ ውሃ ቆጣሪ 6 ዓመት፣ ለሙቅ ውሃና ለሙቀት ቆጣሪ ደግሞ 5 ዓመት ገደብ አድርጎ ቆየ። በተግባር ግን ትንሹን የቤት ቆጣሪ ነቅሎ መመርመር ከአዲስ ዋጋ ስለሚበልጥ፣ «ምርመራ» የሚባለው ነገር አሮጌውን ጥሎ አዲስ መግጠም ሆነ፤ የተጣለው ልክ ይሁን አይሁን የሚጠይቅ የለም። ከዚህም የሚያስገርመው፣ በራዲያተር ላይ ተለጥፎ ወጪን ለማከፋፈል ብቻ የሚያገለግለው መሣሪያ ምንም ዓይነት የታወቀ የልኬት አሐድ ስለማይለካ ከዚህ ግዴታ ውጭ መሆኑ ነው። ትክክለኛው ይመረመራል፣ ግምታዊው ይታለፋል።

የገደቡ ትርጉም በግልጽ የተፈተነው በ2010 ነው። ነገሩ የውሃ ቆጣሪን የሚመለከት ነበር። የምርመራ ዘመኑ ባለፈበት ቆጣሪ ሒሳብ የተጠየቀ ተከራይ ቁጥሩን አልቀበልም አለ፤ አከራዩ ግን ቆጣሪውን በመንግሥት በታወቀ ጣቢያ አስመርምሮ ስሕተቱ ከተፈቀደው ወሰን አለማለፉን አሳየ። የፌዴራሉ ሰበር ፍርድ ቤት በኖቬምበር 17 በሰጠው ፍርድ፣ ዘመኑ ያለፈበት ቆጣሪ ልክ ነው ተብሎ የመታመን መብቱን ያጣል፣ ልክነቱን ግን አከራዩ ማስረዳት ይችላል አለ። በእኔ አስተያየት ፍርዱ ቀንን ከእውነት ለይቶ በማየቱ ትክክል ነው፤ የማስረዳቱን ሸክም በአከራዩ ላይ መጣሉም ተገቢ ነው፤ ተከራይ መመርመሪያ ጣቢያ ከየት ያመጣል? ከ2015 ጀምሮ የጸናው አዲሱ የልኬት ሕግ ግን ዘመኑ ባለፈበት መሣሪያ መገልገልን በጥብቅ ከለከለ፤ ቅጣቱም እስከ 50,000 ዩሮ ሊደርስ ይችላል።

በ2021 የሙቀት ቆጣሪው ገደብ ከ5 ወደ 6 ዓመት ከፍ ብሎ ከቀዝቃዛው ውሃ ቆጣሪ ጋር ተስተካከለ። ከአንድ ዓይነት ቆጣሪዎች መካከል ጥቂቶቹን በናሙና አስመርምሮ የቀሩትን ዘመን ማራዘምም በሕጉ የተፈቀደ ነው፤ ብዙ ቤት ለሚያስተዳድሩ ይህ መንገድ ከጅምላ መጣል ይሻላል። በዚያው ዓመት የተሻሻለው የማሞቂያ ወጪ ደንብ ቆጣሪዎቹ ሁሉ እስከ 2026 መጨረሻ ድረስ ቤት ሳይገባ ከሩቅ የሚነበቡ እንዲሆኑ አዘዘ። በሬዲዮ የሚነበበውም ቢሆን ከስድስቱ ዓመት ገደብ ነጻ አልወጣም።