ሰገባ፦ የኒውክሌር ነዳጅን ቱቦ በአማርኛ ምን እንበለው?

በመስከረም 2018 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሩሲያ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የድርጊት መርሐ ግብር ሞስኮ ላይ ከተፈራረሙ ወዲህ፣ ስለ ሪአክተር በአማርኛ የሚወራው በዝቷል። ቃላቱ ግን ገና አልተሰናዱም። "ዩራኒየም"ን ለምደነዋል፤ ሪአክተርን "ማብላያ" የሚሉም አሉ። ደኅንነትን በቅርብ የሚነካው አንድ ቃል ግን ያለ አቻ ቀርቷል፤ "ክላዲንግ" ይሉታል። እኔ "ሰገባ" እንበለው እላለሁ።

መጀመሪያ ዕቃውን እንየው። ዛሬ በዓለም ላይ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጩት ሪአክተሮች አብዛኞቹ በ"ቀላል ውሃ" የሚሠሩ ናቸው፤ ሩሲያ ለውጭ አገር የምትገነባቸው ትልልቆቹም እንዲሁ። ቀላል ውሃ ማለት በደንብ የተጣራ ተራ ውሃ ነው፤ "ቀላል" የተባለው "ከባድ ውሃ" ከሚባለው ለመለየት ብቻ ነው። ነዳጁ ዩራኒየም ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ እንደ ሸክላ በከፍተኛ ሙቀት ተተኩሶ የትንሽ ጣት ጫፍ በሚያክል እንክብል ይሠራል። እንክብሎቹ 4 ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው ቀጭን ቱቦ ውስጥ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራሉ። ከዚያ ሂሊየም ጋዝ ይሞላና የቱቦው ሁለት ጫፍ ይበየዳል። ክላዲንግ የሚባለው ይኸው ቱቦ ነው፤ እንክብሉን ከያዘ በኋላ "የነዳጅ ዘንግ" ይሆናል። በአንድ የተለመደ ትልቅ ሪአክተር ውስጥ 264 ዘንግ የያዙ 193 እስሮች አሉ፤ ሲባዛ ከ50 ሺህ ዘንግ ይበልጣል። የእያንዳንዱ ቱቦ ውፍረት 0.6 ሚሊሜትር አካባቢ ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን "ሽፋን" ብለን አንገላገልም? ሽፋን የድስት ክዳንም፣ የመጽሐፍ ልባስም ነው፤ ሁሉን ስለሚል ምንም አይልም። "ልባስ" ለእንግሊዝኛው ፍቺ ይቀርባል፤ ያም ቃል መነሻው መልበስ ነው። ግን ልብስ ያሳልፋል፤ ይህ ቱቦ ደግሞ ዋና ሥራው አለማሳለፍ ነው። "ልባጥ" ከሥሩ ካለው ዕቃ ጋር የተጣበቀ ነገር ነው። እዚህ ግን በእንክብሉና በቱቦው መካከል ከ0.1 ሚሊሜትር የማይበልጥ ክፍተት ሆን ተብሎ ይተዋል።

ሰገባ ይህን ሁሉ ይዟል። የጎራዴው ሰገባ በጎራዴው ልክ ይሠራል፤ ግን አይጣበቅበትም። ስለቱን ከዝናብና ከዝገት ይጠብቃል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የታጠቀውን ሰው ከስለቱ ይጠብቃል። ጊሌውን ወገቡ ላይ የታጠቀ አፋር ያለ ሰገባ አንድ እርምጃ አይራመድም። የነዳጁም ነገር እንዲሁ ነው። አቶሞች ሲሰነጠቁ የሚወለዱት አዮዲን፣ ሲዚየምና ዜኖን ከውሃው ጋር እንዳይቀላቀሉ የሚያግዳቸው ይህ ቀጭን ብረት ነው። ከእርሱ ውጭ የሪአክተሩ ወፍራም የብረት ገንቦ፣ ከዚያም የኮንክሪቱ ሕንፃ ይመጣል፤ ቀድሞ የሚፈተነው ግን ሰገባው ነው።

ሰገባው የሚሠራው በአብዛኛው ዚርኮኒየም ከሆነ ቅይጥ ነው። ዚርኮኒየም የተመረጠው ኒውትሮንን እምብዛም ስለማይውጥና የሞቀ ውሃን ስለሚቋቋም ነው። ቅይጡን መጀመሪያ ያዳበሩት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአሜሪካን የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከቦች የሠሩ መሐንዲሶች ናቸው።

ሰገባው በሪአክተሩ ውስጥ ለዓመታት ሲቆይ ኑሮው ቀላል አይደለም። የእንክብሉ እምብርት ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል፤ ከእምብርቱ ግማሽ ሴንቲሜትር ገደማ ርቆ የሚፈሰው ውሃ ደግሞ 300 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚህ ልዩነት የተነሳ እንክብሉ ይሰነጣጠቃል፤ እየቆየም ያብጣል። የውሃው ግፊት በበኩሉ ሰገባውን ወደ ውስጥ ይጫነዋል። ያ የተተወው ክፍተት ቀስ በቀስ ይጠፋና ሁለቱ ይነካካሉ። ከዚያ በኋላ ኃይሉ በድንገት ቢጨመር እንክብሉ ተለጥጦ ሰገባውን ይገፋዋል፤ አዮዲኑም ከውስጥ እየበላ ስንጥቅ ሊያወጣበት ይችላል። የሪአክተር ሠራተኞች ኃይል ሲጨምሩ በልክ የሚጨምሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከውጭ በኩል ደግሞ ውሃው ያዝገዋል፤ ከዝገቱ የሚወጣው ሃይድሮጅንም በከፊል ወደ ብረቱ ገብቶ ተሰባሪ ያደርገዋል።

እውነተኛው ፈተና ውሃ ሲጠፋ ይመጣል። እዚህ ላይ ሌላ የቤታችን ቃል ያግዘናል፤ ረመጥ። እናቶቻችን ማታ እሳቱን በአመድ ዳፍነው ያድራሉ፤ ጠዋት ገለጥ ሲያደርጉት ፍሙ አለ። ሪአክተርም ቢጠፋ ረመጡ አይጠፋም። የአቶም መሰንጠቅ በቆመበት ቅጽበት እንኳ ከሙሉ ኃይሉ 6 በመቶ የሚበልጥ ሙቀት ይቀራል። 3,000 ሜጋዋት ሙቀት በሚያመነጭ ሪአክተር ይህ ወደ 200 ሜጋዋት ይጠጋል፤ ከአንድ ቀን በኋላም ከ10 ሜጋዋት በላይ ይኖራል። ስለዚህ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ረመጡ እስኪበርድ ውሃ አይቋረጥም።

ከተቋረጠ ነገሩ በቅደም ተከተል ይሄዳል። ከ700 ዲግሪ በላይ ሰገባው ይለዝባል፤ የውጭው ግፊት ስለወረደ በውስጡ ያለው ጋዝ እንደ ፊኛ ይነፋዋል፤ በመጨረሻም ይፈነዳል። ሙቀቱ ወደ 1,200 ሲጠጋ ዚርኮኒየሙ ከእንፋሎቱ ኦክስጅኑን በፍጥነት ይነጥቃል። ይህ ድርጊት ራሱ ሙቀት ይወልዳል፤ ሙቀቱም ድርጊቱን ያፋጥነዋል። ተራፊው ሃይድሮጅን ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣችው ደንብ በአደጋ ጊዜ የሰገባው ሙቀት ከ1,204 ዲግሪ እንዳያልፍ፣ ከውፍረቱም ከ17 በመቶ በላይ እንዳይዝግ የሚያዘው ለዚህ ነው። ከዚያ ያለፈ ሰገባ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደርስበት ሊሰባበር ይችላል።

ደንቡ ከወጣ ከ5 ዓመት ገደማ በኋላ፣ ማርች 28 ቀን 1979 እ.ኤ.አ.፣ በፔንስልቬንያ ስሪ ማይል አይላንድ በተባለው ጣቢያ አንድ የግፊት መልቀቂያ ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ። ሠራተኞቹ ውሃው የተረፈ መስሏቸው የአደጋ ጊዜውን ውሃ ቀነሱት። ከነዳጁ ግማሽ ያህሉ ቀለጠ፤ ሃይድሮጅኑም በሕንፃው ውስጥ ተቃጠለ፤ ሕንፃው ግን ቻለው። ማርች 11 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጃፓን ፉኩሺማ ዳይቺ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲነሳ ይሠሩ የነበሩት ሪአክተሮች በሥርዓቱ ቆሙ። ከዚያ ሱናሚው ጄኔሬተሮቹን አጥለቀለቃቸው፤ ረመጡን የሚያቀዘቅዝ ጠፋ። የ3 ሪአክተሮች ነዳጅ ቀለጠ። ዓለም በቴሌቪዥን ያየው ፍንዳታ የአቶም ፍንዳታ አልነበረም፤ በአብዛኛው ከሰገባውና ከእንፋሎቱ የተወለደው ሃይድሮጅን ነው።

ከፉኩሺማ በኋላ መሐንዲሶች ሰገባውን ራሱን ለማሻሻል ተነሱ። አንዱ መንገድ የዚርኮኒየሙን ውጫዊ ገጽ በስስ ክሮሚየም መለበጥ ነው፤ እንፋሎቱ ቶሎ እንዳያገኘው። እዚህ ላይ የቃል ምርጫችን ዋጋ ይታያል። ክላዲንግን "ልባጥ" ብለነው ቢሆን ኖሮ ዛሬ "የተለበጠ ልባጥ" እያልን እንደናገር ነበር። "ክሮሚየም የተለበጠ ሰገባ" ስንል ግን ምን በምን ላይ እንዳለ አድማጩ ወዲያው ያየዋል። "የሰገባ መነፋት"፣ "የሰገባ ዝገት"፣ "የሰገባ ስንጥቅ" የሚሉትም ያለ ማብራሪያ ይገባሉ።

ቃሉ የሚጎድለው አንድ ነገር አለ። ጎራዴ ሊመዘዝ ሰገባ ውስጥ ይገባል፤ የኒውክሌር ነዳጅ ግን ሥራውን የሚሠራው እዚያው እንደተከተተ ነው። ስለዚህ "ሰገባው ተከፈተ" የሚል ዜና ከሰማን፣ ጎራዴው ለሥራ ወጣ ማለት አይደለም፤ መውጣት የሌለበት ወጣ ማለት ነው።