ከሕግ እስከ ፊደል፤ በርትኛ በመንጌ ትምህርት ቤቶች

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በአሶሳ ዞን በመንጌ ወረዳ የሚኖረው የበርታ ሕዝብ ልጆቹን ማስተማር የጀመረው መንግሥት ትምህርት ቤት ከመክፈቱ አስቀድሞ ሲሆን፣ ይህም ትምህርት ኸልዋ በሚባለው የቁርኣን መማሪያ ቦታ በዓረብኛ የሚሰጥ ነበር። የቤላ ሻንጉል፣ የአሶሳና የሆሞሻ ሼኾች ግዛቶች በ1890 ገደማ ራስ መኮንን በመሩት ዘመቻ ለማዕከላዊው መንግሥት ከገበሩ በኋላ የአስተዳደሩና የዳኝነቱ ቋንቋ አማርኛ ሆነ፤ ሩጣንኛ ተብሎም የሚጠራው በርትኛ ግን የቤትና የእርሻ መነጋገሪያ ሆኖ ቀረ።

ሚሲዮኖችን የሚመለከተው የ1936 ድንጋጌ አማርኛን አጠቃላይ የማስተማሪያ ቋንቋ ሲያደርግ፣ የአካባቢ ቋንቋዎችን የፈቀደው አማርኛ እስኪለመድ ድረስ ብቻ ነበር። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደረጃ በደረጃ 15 ቋንቋዎችን ቢያካትትም፣ በርትኛም ሆነ ጉሙዝኛ ከእነዚህ ውስጥ አልነበሩም።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ወሰነ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 5 ለቋንቋዎች ሁሉ እኩል እውቅና ሰጠ። ይሁን እንጂ መብቱ ሲታወጅ በርትኛ ለትምህርት ቤት የሚበቃ ሥርዓተ ጽሕፈት፣ ማለትም የተስማሙበት የፊደልና የአጻጻፍ ደንብ አልነበረውም። የክልሉ ቢሮዎች በቋንቋ ልማት ላይ ከሚሠራው ድርጅት ከኤስ አይ ኤል ኢትዮጵያ ጋር ሆነው በላቲን ፊደል ላይ የተመሠረተ አጻጻፍ ሲያዘጋጁ ከገጠሟቸው ጥያቄዎች አንዱ ቃና፣ ይኸውም የድምፅ ከፍታና ዝቅታ የቃልን ፍች የሚለይበት ባሕርይ፣ እንዴት ይጻፍ የሚለው ነበር፤ ቋንቋው በርካታ ዘዬዎች ያሉት በመሆኑም የመማሪያው መጽሐፍ በየትኛው ይዘጋጅ የሚለው ቀላል ምርጫ አልነበረም። ይህ ሥራ ዓመታት ስለጠየቀ፣ የፖሊሲው አፈጻጸም መዘግየት በቸልተኝነት ብቻ ሊተረጎም አይገባም።

ከአጻጻፉ ጥያቄ ሌላ፣ ክልሉ በአማርኛ ማስተማሩን ለመደገፍ ዘወትር የሚቀርበው ምክንያት፣ በተለይ በ1970ዎቹ ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች ሰፋሪዎች በመምጣታቸው የነዋሪው ቋንቋ የተቀላቀለ ነው የሚል ነው። ምክንያቱ ለአሶሳ ከተማ ሚዛን ሊደፋ ቢችልም፣ የበርታ ሕዝብ ለሚበዛባት ለመንጌ እምብዛም አይሠራም፤ ከዚህም በላይ አንድ ነገር ይዘነጋል፤ አማርኛ ተናጋሪው የሰፋሪ ልጅ በዚያው ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር፣ አጠገቡ የተቀመጠው የበርታ ልጅ ሒሳቡንም ቋንቋውንም በአንድ ጊዜ ይጀምራል።