ውጅግራ

ውጅግራ በፈረንሳይ ፉዚ ግራ የሚባል፣ በማቀባበያ የሚሠራና አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ የእግረኛ ጠመንጃ ነው። ንድፉ የመኮንኑ የባዚል ግራ ሲሆን፣ የወረቀት ፊሽክ ይጎርስ የነበረውን ሻስፖ የተባለ ጠመንጃ በናስ ቀለህ እንዲተኩስ አሻሽሎ የተሠራ ነው። የፈረንሳይ ጦር በ1874 እ.ኤ.አ. ታጠቀው፤ በ1886 እ.ኤ.አ. ሌቤል በተባለ ጠመንጃ ሲተካ ትርፉ በርካሽ ለገበያ ቀረበ።

ርዝመቱ 1.3 ሜትር፣ ክብደቱ 4.2 ኪሎ ግራም፣ የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጥቁር ባሩዱ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ያስወነጭፋል። እርሳሱ በርቀት ቶሎ ስለሚወርድ ዒላማ መምታት ርቀትን በትክክል መገመትን ይጠይቃል። የባሩዱ ጭስ ተኳሹን ያጋልጣል፤ ጥላሸቱም በርሜሉ ካልተወለወለ ኢላማ ያስታል።

ያገለገለ ውጅግራ የሚመዘነው በበርሜሉ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ ባለመበላቱ፣ ማቀባበያው ገጥሞ በመዘጋቱና ጥይቱ በመገኘቱ ነው። ጥይቱ ራሱ በኢትዮጵያ ገበያዎች እንደ ዝርዝር ገንዘብ አገልግሏል።

ውጅግራ በ1888 ዓ.ም. በአድዋ ጦርነት የኢትዮጵያ ሠራዊት ከታጠቃቸው ዋና ዋና ጠመንጃዎች አንዱ ነበር። የሌቃ ነቀምቴ ገዥዎች ሞረዳ በከሬና ልጃቸው ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ለአፄ ምኒልክ የገበሩት የወለጋ ወርቅና የዝሆን ጥርስ፣ ለጦር መሣሪያ መግዣ ከዋለው ሀብት ይመደባል።